የእርባታ ዓሣን ከተፈጥሮ ዓሣ በኬሚካዊ ትንተና መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጽሑፍ «የተፈጥሮ ዓሣ» የተባለው ከባሕር፣ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተጠመደው ሲሆን፣ «የእርባታ ዓሣ» የተባለው ደግሞ በሰው ቁጥጥር ሥር፣ በአብዛኛው በተዘጋጀ መኖ ያደገው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለቱን መለየት ለምን አስፈለገ?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት በ2022 በዓለም ላይ በእርባታ የተመረቱት የውኃ እንስሳት 94.4 ሚሊዮን ቶን ሲደርሱ፣ ከተፈጥሮ ውኃ የተጠመዱት 91 ሚሊዮን ቶን ነበሩ። እርባታው በመጠን ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ እንደ ሳልሞን፣ ትራውት፣ ሲ ባስ፣ ሲ ብሪምና ቱርቦት ያሉት ዝርያዎች ዛሬ ከሁለቱም ምንጭ ወደ ገበያ ይመጣሉ፤ ከተፈጥሮ ውኃ የተጠመደው በብዙ ገበያዎች በውድ ስለሚሸጥም የእርባታውን ዓሣ በተፈጥሮው ስም መሸጥ ትርፍ ያስገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1379/2013 ለሸማች የሚቀርብ ዓሣ ከባሕር የተጠመደ፣ ከጨው አልባ ውኃ የተጠመደ ወይም በእርባታ የተመረተ መሆኑ እንዲገለጽ ያዝዛል፤ በዩናይትድ ስቴትስም ከ2005 ጀምሮ ተመሳሳይ የመግለጽ ግዴታ በችርቻሮ ንግድ ላይ ተጥሏል። ይሁን እንጂ መለያ እንዲለጠፍ መታዘዙ ብቻውን መለያው እውነት ስለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም፤ ዋስትናው የሚገኘው ዓሣውን ራሱን መርምሮ ከመለያው ጋር ማመሳከር የሚቻል ሲሆን ነው።

ከንግዱ ውጭ ሌላም ምክንያት አለ። ከእርባታ ያመለጡ ሳልሞኖች ወደ ወንዝ ገብተው ከተፈጥሮዎቹ ጋር ሲዳቀሉ የአካባቢውን ዝርያ ብቃት ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ሀብት ተመራማሪዎች በወንዝ ውስጥ የተያዘ አንድ ዓሣ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋሉ።

በዓይን አይታወቅም ወይ?

ሙሉው ዓሣ በእጅ ካለ አንዳንድ ፍንጭ ይገኛል። በጠባብ ቦታ ተፋፍጎ ያደገ ዓሣ ክንፎቹ ሊቆራረጡ ወይም ሊደንዙ ይችላሉ፤ በሆድ ዕቃው ዙሪያም ብዙ ስብ ያጠራቅማል። ነገር ግን ጥሩ አያያዝ ባለበት እርባታ ያደገ ዓሣ እነዚህን ምልክቶች ላያሳይ ይችላል፤ ቆዳው ተገፎና ተቆራርጦ ለሽያጭ ከቀረበ ደግሞ የዓይን ምርመራው በዚያው ያበቃል።

የዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ አይበቃም ወይ?

አንዳንድ ጊዜ ይበቃል፤ ጥርጣሬው የዝርያ ጉዳይ ሊሆን በሚችልበት ሁኔታ ሁሉ መጀመሪያ መደረግ ያለበትም እርሱ ነው። ለገበያ የሚቀርበው የአትላንቲክ ሳልሞን ከሞላ ጎደል በሙሉ የእርባታ ውጤት በመሆኑ፣ «ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የተጠመደ» የሚል መለያ የተለጠፈበት ሥጋ በዘረመል ምርመራ የአትላንቲክ ዝርያ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ትንተና ሳያስፈልግ ጉዳዩ ይዘጋል። በተጨማሪም የአትላንቲክ ሳልሞን በኖርዌይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለእርባታ እየተመረጠ ሲዳቀል በመቆየቱ፣ የእርባታው ዘር በዘረመል ጠቋሚዎች ከተፈጥሮው ሊለይ የሚችልበት ደረጃ ላይ ደርሷል።

ችግሩ ወላጆቻቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ትውልድ በፊት ከባሕር የመጡ የእርባታ ዓሦች ላይ ነው። እነዚህ በዘረመላቸው ከተፈጥሮ ዘመዶቻቸው ብዙም አይለዩም። ዘረመል የዘር ሐረግን ይነግራል እንጂ አንድ የተወሰነ ዓሣ በሕይወት ዘመኑ ምን እንደበላና በየትኛው ውኃ እንደኖረ አይነግርም፤ ኬሚስትሪው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ኬሚካዊ ትንተናው በዓሣው ውስጥ የሚፈልገው ምንድን ነው?

«እርባታ» የሚባል ንጥረ ነገር የለም። ላቦራቶሪው የሚያነበው ዓሣው የበላውን ምግብና የኖረበትን ውኃ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ስለ አመራረቱ ይገምታል። ይህን መረዳት ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዘዴው የሚሳካበትም የሚሳሳትበትም ቦታ ከዚህ አንድ ነጥብ ይመነጫል። የእርባታው መኖ ከተፈጥሮው ምግብ በጣም ሲለያይ ምልክቱ ጉልህ ይሆናል፤ መኖው ወደ ተፈጥሮው ምግብ ሲቀርብ ምልክቱ ይደበዝዛል፤ የእርባታ ዓሣ ምንም መኖ ሳይሰጠው በኩሬ ውስጥ የበቀለውን እየበላ ካደገ ደግሞ ምልክቱ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

የስብ አሲዶች ምን ይነግሩናል?

ብዙ ላቦራቶሪዎች ምርመራውን የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ እኔም ከዚህ እንዲጀመር እመክራለሁ፤ ምክንያቱም መሣሪያው በየምግብ ላቦራቶሪው ይገኛል፣ ወጪው ከሌሎቹ ይቀንሳል፣ ልዩነቱም በግልጽ ይታያል።

በባሕር ውስጥ የምግብ ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከጥቃቅን አልጌዎች ነው። አልጌዎቹ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉትን ረጃጅም የኦሜጋ 3 የስብ አሲዶች ይሠራሉ፤ እነዚህም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ በዓሣው ሥጋ ይጠራቀማሉ። በየብስ ላይ ግን እንደ አኩሪ አተር፣ ሱፍና በቆሎ ያሉት እህሎች ዘይታቸው በሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም በኦሜጋ 6 ወገን የተሞላ ነው፤ የጎመን ዘር ዘይት ደግሞ ከሊኖሌይክ በተጨማሪ ብዙ ኦሌይክ አሲድ ይይዛል። ዓሣ ሊኖሌይክ አሲድን በገዛ አካሉ መሥራት አይችልም። በሥጋው ውስጥ የተገኘው ሁሉ ከምግቡ የመጣ ነው፤ በባሕር የምግብ ሰንሰለት ውስጥ ደግሞ ይህ አሲድ ጥቂት ነው። በዚህም የተነሳ በተፈጥሮው የአትላንቲክ ሳልሞን ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ ከጠቅላላው የስብ አሲድ 2 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ በዕፅዋት ዘይት ባደገው የእርባታ ሳልሞን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ ያልፋል። ክፍተቱ ይህን ያህል ሰፊ በመሆኑ በባሕር ዓሦች ላይ አንድ ይህ አሲድ ብቻ ጠንካራ ፍንጭ ይሰጣል።

ሌላው ጠቋሚ ከሰሜናዊው አትላንቲክ ይመጣል። በዚያ የሚኖሩ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን ቅርፊት ለባሽ እንስሳት ባለ 20 እና ባለ 22 ካርቦን የሆኑ፣ አንድ ድርብ ትስስር ያላቸው የስብ አልኮሎችን በሰም መልክ ያከማቻሉ፤ እነርሱን የሚበሉ ዓሦች ይህን ወደ ስብ አሲድ ለውጠው ይይዙታል። ስለዚህ የእነዚህ አሲዶች መብዛት ወደ ተፈጥሮው ምግብ ይጠቁማል፤ ሆኖም መኖው ሄሪንግና ካፕሊን ከሚባሉት የሰሜን ባሕር ዓሦች ዘይት የተዘጋጀ ከሆነ በእርባታውም ዓሣ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ስቡ በክሎሮፎርምና በሜታኖል ድብልቅ ከሥጋው ይወጣል፤ ይህም በ1957 እና በ1959 ከታተሙት ሁለት ዘዴዎች እስከ ዛሬ ብዙ ሳይለወጥ የመጣ ነው። ከዚያ የስብ አሲዶቹ በቀላሉ ወደሚተንኑ ሜቲል ኤስተሮች ይለወጡና በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይለያያሉ፤ የእያንዳንዱ ድርሻም በመቶኛ ይሰላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለባሕር ዓሣ የተቀመጠ ገደብ ለሐይቅና ለወንዝ ዓሣ አይሠራም። በጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖር የተፈጥሮ ዓሣ ከየብስ የሚወድቁ ነፍሳትንና የዕፅዋት ቅሪትን ስለሚመገብ፣ የኦሜጋ 6 አሲዶች በሥጋው ውስጥ በተፈጥሮ ከፍ ብለው ይገኛሉ።

የእርባታው ምልክት በየዘመኑ አንድ ነው?

አይደለም፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። በኖርዌይ የሳልሞን መኖ ውስጥ ከባሕር የመጡ ግብዓቶች፣ ማለትም የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት፣ በ1990 ወደ 90 በመቶ ይጠጉ ነበር፤ በ2013 ወደ 30 በመቶ ገደማ ወረዱ፤ በ2020 ደግሞ 22 በመቶ ገደማ ሆኑ። ቦታውን የያዙት አኩሪ አተር፣ ጎመን ዘር፣ ስንዴና የመሳሰሉት ናቸው። ውጤቱ በዓሣው ላይ ወዲያውኑ ይታያል፤ በስኮትላንድ የእርባታ ሳልሞን ውስጥ ያለው የኢፒኤና የዲኤችኤ መጠን ከ2006 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በግማሽ ያህል ቀንሷል። በ1990ዎቹ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ማነጻጸሪያ ዛሬ የሚቀርብን ዓሣ ሊመዝን አይችልም።

ለውጡም አልቆመም። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 የነፍሳት ፕሮቲን ለዓሣ መኖ እንዲውል ፈቅዷል፤ ለዚህ በስፋት የሚረባው ጥቁሩ ወታደር ዝንብ የሚባለው ነፍሳት እጭ ሎሪክ አሲድ የሚባለውን መካከለኛ ርዝመት ያለውን የስብ አሲድ በብዛት ይይዛል፤ ስለዚህ ይህ አሲድ ነገ ከአዲስ ጠቋሚዎች አንዱ ሊሆን ይችላል። በዲኤችኤ የበለጸገ የአልጌ ዘይት መጨመሩ ደግሞ የእርባታውን ዓሣ ወደ ተፈጥሮው መልክ ይመልሰዋል።

የአይሶቶፕ ትንተና እንዴት ይሠራል?

የካርቦንና የናይትሮጅን አቶሞች አይሶቶፕ በሚባሉ፣ ክብደታቸው ትንሽ በሚለያይ መልኮች ይገኛሉ። ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 በመቶ ያህሉ ካርቦን 13፣ ከናይትሮጅን ደግሞ 0.37 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን 15 ነው። ሁለቱም ጨረር አያመነጩም፤ ከጊዜ ጋርም አይለወጡም። የከባዱና የቀላሉ ድርሻ በጣም በትንሹ ስለሚለያይ፣ ልዩነቱ ከዓለም አቀፍ ማነጻጸሪያ አንጻር ከሺህ ስንት እንደሆነ በመግለጽ ይጻፋል።

ከናይትሮጅን እንጀምር። እንስሳ ቀላሉን ናይትሮጅን በቆሻሻ መልክ ቀድሞ ስለሚያስወግድ ከባዱ በአካሉ ይቀራል፤ በመሆኑም በምግብ ሰንሰለቱ አንድ ደረጃ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እሴቱ ከሺህ 3.4 ያህል ይጨምራል። ሌሎች ዓሦችን እየበላ የሚኖር የተፈጥሮ ዓሣ በሰንሰለቱ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ እሴቱም ከፍተኛ ነው። አኩሪ አተር ግን ናይትሮጅንን በሥሩ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ከአየር ስለሚያገኝ እሴቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በአኩሪ አተር ያደገ ሥጋ በል ዓሣም በዝርያው ሳይሆን በመኖው ልክ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህ ምልክት በፕሮቲኑ ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ ከስብ አሲዱ ራሱን የቻለ ምስክርነት ይሰጣል።

የካርቦኑ ንባብ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አኩሪ አተር፣ ስንዴና ጎመን ዘር እሴታቸው ከዜሮ በታች ከሺህ 27 አካባቢ ሲሆን በቆሎ ግን ከዜሮ በታች 13 አካባቢ ነው፤ የባሕሩ ምግብ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ አኩሪ አተርና በቆሎ ተደባልቀው ከቀረቡ አንዱ የሌላውን ምልክት ሊያጠፋው ይችላል። በዚህ ላይ ስብ በባሕርይው ከባዱ ካርቦን የጎደለው በመሆኑ፣ ስቡ ሳይወጣ የተለካ የሰባ ዓሣ የመኖውን ሳይሆን የውፍረቱን ውጤት ያሳያል። ስቡ መውጣቱ ያልተገለጸ የካርቦን ውጤት ሲቀርብልኝ ምንም ክብደት አልሰጠውም።

ለመለኪያው ከአንድ ሚሊግራም የማይበልጥ የደረቀ ሥጋ ይበቃል። ናሙናው 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ተቃጥሎ ወደ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይለወጥና አቶሞችን በክብደታቸው በሚለየው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ይመዘናል። ጠለቅ ያለው አካሄድ እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ለብቻው መለካት ነው፤ ዓሣ መሥራት የማይችላቸው አሚኖ አሲዶች የካርቦን ምልክታቸውን ሳይለውጡ ስለሚተላለፉ፣ መነሻቸው አልጌ፣ ባክቴሪያ ወይም የየብስ ተክል መሆኑን ያሳያሉ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጊዜም ይወስዳል፤ ተራው ትንተና መልስ ባልሰጠበት ጉዳይ ላይ ግን ወጪውን ይክሳል።

የሚቀረው የመነሻ ጉዳይ ነው። የፍሳሽ ቆሻሻና የእርሻ ማዳበሪያ በሚገባበት ውኃ የናይትሮጅን እሴቱ ከታች ጀምሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአንድ የባሕር ክፍል የመጣን ዓሣ ከሌላ የባሕር ክፍል በተሰበሰበ ማነጻጸሪያ መፍረድ ወደ ስሕተት ይመራል።

የሳልሞንና የትራውት ቀለም ምስክር ይሆናል?

ይሆናል፤ ያውም ለእነዚህ ዓሦች ከሁሉ ግልጽ ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ሮዝ ቀለሙ የሚመጣው አስታክሳንቲን ከሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የተፈጥሮው ሳልሞን ከሚበላቸው ቅርፊት ለባሾች ያገኘዋል፤ ለእርባታው ግን በመኖው ውስጥ ይጨመርለታል። የአስታክሳንቲን ሞለኪውል አቶሞቹ አንድ ሆነው በቦታ አቀማመጣቸው ብቻ የሚለያዩ ሦስት ቅርጾች አሉት። በፋብሪካ የተሠራው ሦስቱን በ1፣ 2 እና 1 ጥምርታ ይይዛል፤ ማለትም ግማሹ «ሜሶ» የሚባለው መካከለኛ ቅርጽ ነው። በተፈጥሮው ሳልሞን ውስጥ ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ የሚያመዝነው ከሦስቱ አንዱ ሲሆን ሜሶው ጥቂት ነው። ዓሣው የበላውን ቅርጽ እንደበላው በጡንቻው ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ቅርጾቹን መለየት በሚችል የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ዓምድ ጥምርታውን ማንበብ ይቻላል።

ካንታክሳንቲን የሚባለው ሌላ ማቅለሚያም እንዲሁ ወደ መኖ ይጠቁማል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2003 በሳልሞን መኖ ውስጥ የተፈቀደውን መጠን ከ80 ወደ 25 ሚሊግራም በኪሎግራም ዝቅ አድርጎታል።

ማስረጃው ግን የሚያገለግለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የሜሶው ቅርጽ በብዛት መገኘቱ ዓሣው ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ መብላቱን ያረጋግጣል፤ አለመገኘቱ ግን ዓሣው የተፈጥሮ ነው አያሰኝም። ሄማቶኮከስ ከሚባለው አልጌ የሚመረተው ማቅለሚያ በተፈጥሮው ሳልሞን ውስጥ ከሚያመዝነው ቅርጽ ጋር አንድ ነው፤ ፋፊያ ከሚባለው እርሾ የሚገኘው ደግሞ ተቃራኒው ቅርጽ በመሆኑ በቀላሉ ይታወቃል።

የጆሮ ድንጋይና ቅርፊት ለምን ይመረመራሉ?

ሥጋ የቅርብ ወራትን ያስታውሳል፤ ኦቶሊት የሚባለው የጆሮ ድንጋይ ግን የዓሣውን ዕድሜ በሙሉ ይይዛል። ከልደት ጀምሮ ንብር በንብር እየተደራረበ ያድጋል፤ አንዴ የተሠራው ክፍልም ተመልሶ አይሟሟም። በሌዘር እየተነካ ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ ሲለካ ስትሮንሺየምና ባሪየም የሚባሉት ንጥረ ነገሮች መጠን ዓሣው መቼ ወደ ባሕር እንደወረደ፣ መቼ በጨው አልባ ውኃ እንደኖረ ያሳያል። ስትሮንሺየም 87 እና 86 የሚባሉት ሁለት አይሶቶፖች ጥምርታ በውቅያኖስ ሁሉ 0.7092 ገደማ ሲሆን በወንዝና በሐይቅ ግን እንደ አካባቢው ዐለት ይለያያል፤ ይህም አንድን ዓሣ ወደ መፈልፈያው ጣቢያ ውኃ እስከማድረስ ሊወስድ ይችላል።

ቅርፊት ደግሞ ዓሣውን ሳይገድሉ የሚወሰድ ናሙና ነው። በመኖ ውስጥ ከሚጨመሩት ማዕድናት የሚመጣው የማንጋኒዝ መጠን በስኮትላንድ ያመለጡ ሳልሞኖችን ለመለየት ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። በሥጋ ውስጥ የሚለኩ ማዕድናት ግን እንደ ወቅቱና እንደ ዓሣው መጠን ስለሚዋዥቁ ደጋፊ ማስረጃ ከመሆን እንዲያልፉ አልመክርም።

በካይ ነገሮችና የመድኃኒት ቅሪት ይለዩታል?

በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ 700 ያህል ሳልሞኖችን የመረመረ ጥናት በእርባታው ሳልሞን ውስጥ ፒሲቢና ዳይኦክሲን የሚባሉት መርዛማ ኬሚካሎች መጠን ከተፈጥሮው ይልቅ ከፍ ብሎ እንዳገኘ ዘገበ። በ2017 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አገኘ፤ እነዚሁ በካዮችና ሜርኩሪ በተፈጥሮው የአትላንቲክ ሳልሞን ውስጥ በዝተው ታዩ። ሁለቱ አይጋጩም። በመካከሉ መኖው ተለውጧል፤ በካዮቹ የሚመጡት ከዓሣ ዘይት ነበርና ዘይቱ ሲቀንስ እነርሱም ቀነሱ። ለዚህ ነው በካዮችን የምንጭ መለያ አድርጎ መውሰድ የማያዋጣው።

የዓሣ ዱቄት እንዳይበላሽ ይጨመር የነበረው ኢቶክሲኩዊን ጥሩ ጠቋሚ ነበር፤ ከእርሱ የሚፈጠረው ድርብ ሞለኪውል በእርባታ ዓሣ ሥጋ ውስጥ ይቆያልና። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ፈቃዱን ካገደው ወዲህ ግን ጥቅሙ ቀንሷል። ቴትራሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከአጥንት ካልሲየም ጋር ተጣብቀው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበራሉ፤ መገኘታቸው ዓሣው መታከሙን በጠንካራ ሁኔታ ይመሰክራል፤ አለመገኘታቸው ግን ዓሣው በእነርሱ የመታከሙ ምልክት አልተገኘም ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም።

ናሙናው ከየትኛው የዓሣው ክፍል ይወሰድ?

ከአንድ የተወሰነ የጡንቻ ክፍል፣ በሁሉም ዓሦች ላይ ከተመሳሳይ ቦታ ይወሰድ። በሳልሞን የተለመደው ከጀርባ ክንፉ በስተኋላ ያለው ቁራጭ ነው፤ የሆድ ሥጋ ስቡ ከጭራው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ከተለያየ ቦታ የተወሰዱ ናሙናዎች አይነጻጸሩም። ወዲያው ካልተመረመረ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ፤ በተራ ማቀዝቀዣ ሙቀት ረጃጅሞቹ ኦሜጋ 3 አሲዶች ቀስ በቀስ መበላሸታቸው አይቀርም።

የበሰለ፣ በጭስ የተሰናዳ ወይም የታሸገ ዓሣ መመርመር ይቻላል?

የናይትሮጅን አይሶቶፕ ሙቀትን በደንብ ይቋቋማል። በጭስና በጨው የተሰናዳ ዓሣም በስብ አሲድ ሊመረመር ይችላል። በዘይት የተጠበሰ ወይም በዘይት ውስጥ የታሸገ ከሆነ ግን የስብ አሲዱን ምርመራ መተው ይሻላል፤ የመጥበሻው ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ ወደ ሥጋው ስለሚገባ የተፈጥሮውን ዓሣ የእርባታ ያስመስለዋል።

በሁለቱ መካከል የሚወድቁ ዓሦች አሉ?

አሉ፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳውም በእነርሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ በመረብ የታጠሩ እርባታዎች ዙሪያ የሚሰበሰቡ የተፈጥሮ ዓሦች አሉ። በኖርዌይ ሴይት የሚባለው ዓሣ፣ በሜዲትራኒያንም ሌሎች ዝርያዎች ከመረቡ ሾልኮ የሚወርደውን መኖ እየበሉ ይኖራሉ፤ በስብ አሲዳቸው ሲታዩ ሊኖሌይኩ ከፍ ያለ፣ የእርባታ መልክ ያለው ሆኖ ይገኛል። ይህን ዓሣ ያጠመደው ሰው ግን መለያው ላይ «ከባሕር የተጠመደ» ቢል እውነቱን ተናግሯል፤ የስብ አሲዱን ሰንጠረዥ ብቻ ይዞ አጭበርብረሃል ማለት ንጹሕ ሰውን መበደል ነው።

የዚህ ተቃራኒ ያመለጠው ዓሣ ነው። ከእርባታው ከወጣ በኋላ በተፈጥሮ ምግብ እያደገ ሲሄድ የድሮው ምልክት በአዲሱ ሥጋና ስብ እየተበረዘ ይሄዳል። ደምና ጉበት ፈጥነው ይለወጣሉ፤ ጡንቻ ወራት ይፈልጋል፤ የጆሮ ድንጋይና ቅርፊት ግን የልጅነቱን ዘመን እንደያዙ ይቀራሉ። ስለዚህ የጉበቱ መልስ ከጡንቻው መልስ ሲለይ መለኪያው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ዓሣው በቅርቡ ምግብ መለወጡን የሚያሳይ ጠቃሚ መረጃ ነው።

ሦስተኛው ብሉፊን ቱና ነው። ከባሕር በሕይወት ተይዞ በመረብ ውስጥ ለወራት በሌሎች ዓሦች ይደለባል። ምግቡ የባሕር ዓሣ በመሆኑ ከየብስ እህል የሚመጣው ምልክት አይታይበትም፤ ትንተናው ከስቡ መብዛት በስተቀር የሚይዘው ነገር ያንሰዋል። አራተኛው በመፈልፈያ ጣቢያ ተፈልፍሎ በጫጩትነቱ ወደ ባሕር የተለቀቀው ሳልሞን ሲሆን፣ በአላስካ ይህ አሠራር በስፋት አለ። ሥጋው ከሞላ ጎደል በሙሉ በባሕር ምግብ የተገነባ ስለሆነ በሥጋ ምርመራ የተፈጥሮ ዓሣ ነው፤ መነሻውን የሚያጋልጠው ጣቢያው የውኃውን ሙቀት ከፍና ዝቅ በማድረግ በጆሮ ድንጋዩ ላይ ሆን ብሎ ያስቀመጠው የመስመር ምልክት ነው። በመጨረሻም መኖ ሳይጨመርበት በኩሬ የሚያድግ እንደ ካርፕና ቲላፒያ ያለ ዓሣ አለ፤ በዚህ ላይ ከመኖ የሚጠበቀው ምልክት ሁሉ ይጠፋል።

አጭበርባሪ ምልክቱን ሆን ብሎ ሊያጠፋው ይችላል?

በከፊል። ከመታረዱ በፊት ባሉት ወራት ዓሣውን በዓሣ ዘይት በበለጸገ መኖ መመገብ የስብ አሲዱን ወደ ተፈጥሮው መልክ ያቀርበዋል፤ ይህ አሠራር በሕጋዊ መንገድም የኦሜጋ 3 መጠንን ለማሳደግ ያገለግላል። ነገር ግን አሮጌው ስብ የሚቀንሰው በአዲሱ እየተበረዘ በመሆኑ ሊኖሌይክ አሲዱን ወደ 2 በመቶ ለማውረድ ረጅም ጊዜና ውድ ዘይት ይጠይቃል። ይህን ያደረገ ሰው የናይትሮጅን እሴቱን ለማስተካከል ደግሞ ፕሮቲኑን መለወጥ፣ ቀለሙን ለማስተካከልም ሌላ ማቅለሚያ መግዛት ይኖርበታል። ሁለትና ሦስት ዘዴዎች በአንድ ላይ ሲሠሩ ማጭበርበሩ ከትርፉ በላይ ያስወጣል፤ ዘዴዎቹን የማጣመሩ ዋና ጥቅምም ይኸው ነው።

ውጤቱ የሚነበበው እንዴት ነው?

አንድ ናሙና ከሠላሳ የማያንሱ ቁጥሮች ሊሰጥ ይችላል። እነዚህን በአንድ ላይ ለማየት የዋና ክፍሎች ትንተናና የመለያ ትንተና የሚባሉ የስታቲስቲክስ ዘዴዎች ያገለግላሉ፤ ምንጫቸው በእርግጠኝነት የታወቀ ዓሦች ስብስብ ለሞዴሉ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የማይታወቀው ዓሣ ወደየትኛው ወገን እንደሚቀርብ ይሰላል። አደጋው ያለው ሞዴሉ ሁልጊዜ መልስ መስጠቱ ላይ ነው። በስብስቡ ውስጥ ከሌለ የባሕር ክፍል የመጣ ዓሣም ቢቀርብለት ከሁለቱ ወደ አንዱ ይመድበዋል። ስለዚህ ስብስቡ የተለያዩ ወቅቶችን፣ የተለያዩ እርባታዎችንና የተለያዩ የማጥመጃ ስፍራዎችን ማካተት አለበት፤ ሞዴሉም በተሠራባቸው ዓሦች ሳይሆን ከዚያ በፊት ባላያቸው ዓሦች መፈተን ይኖርበታል። መቶ በመቶ ትክክል ነው ተብሎ በራሱ ናሙናዎች ብቻ የተፈተነ ሞዴል ገና አልተፈተነም።

ትንተናውን ለማሠራት የፈለገ ሰው ላቦራቶሪውን ምን ይጠይቅ?

ከሁሉ በፊት የራሱን ጥያቄ በትክክል ያስቀምጥ፤ «ይህ ዓሣ ከመታረዱ በፊት የተዘጋጀ መኖ በልቷል ወይ?» እና «ይህ ዓሣ በመፈልፈያ ጣቢያ ተወልዷል ወይ?» የሚሉት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው በሥጋ፣ ሁለተኛው በጆሮ ድንጋይ ይመለሳል። ቀጥሎ ላቦራቶሪው የላቦራቶሪዎችን ብቃት በሚመዝነው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይሶ 17025፣ ዕውቅና ማግኘቱን፣ ዕውቅናውም ይህን የተወሰነ ዘዴ የሚያካትት መሆኑን ያጣራ። የማነጻጸሪያው ስብስብ ለዚያው ዝርያ የተሠራ መሆኑን፣ ከየት እንደተሰበሰበና በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠይቅ። ናሙናው ከሱቅ ወይም ከመርከብ ተነስቶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ በማን እጅ እንዳለፈ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ጉዳዩ ወደ ክስ የሚያመራ ከሆነ ከአንድ ጭነት አንድ ዓሣ ሳይሆን ብዙ ዓሦች ይወሰዱ፣ የእያንዳንዱም ግማሽ ለሁለተኛ ወገን ምርመራ ታሽጎ ይቀመጥ። በሪፖርቱ ላይ «የእርባታ ነው» የሚል ነጠላ ቃል ከቀረበለት አይቀበል፤ የተለካው ምን እንደሆነ፣ ከማነጻጸሪያው በምን ያህል እንደራቀ፣ የስሕተቱ መጠን ስንት እንደሆነና የትኞቹ ሌሎች ማብራሪያዎች እንደታዩና እንደተጣሉ ተዘርዝሮ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።